የዴቪድ ጄይን ቤዝ ተከትዬ

ከለንደን ዩስተን ጣቢያ የተሳፈርኩበት ባቡር በአንድ ሰዓት ገደማ ኖርዝሃምፕተን አደረሰኝ። ጠዋቱ ጉም የለበሰ ነበር። ከቤቶቹ ሁሉ በላይ ብቻውን የቆመው 127 ሜትር ርዝመት ያለው የሊፍት መፈተሻ ማማ ከወገቡ በላይ አይታይም። ጣቢያው ላይ ሻንጣ የሚጎትት ጎብኚ አላየሁም። እኔን ወደዚህ ከተማ ያመጣኝ አንድ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው።

ቤዝ የተማርኩት በሮሃ ባንድ ካሴቶች ላይ የጆቫኒ ሪኮን ጣቶች ለመከተል ስታገል ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሙዚቃ ስሰማ ጆሮዬ ወፍራሙን ድምፅ ፍለጋ ይወርዳል። ባውሃውስ የተባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ «ቤላ ሉጎሲስ ዴድ» የሚል ዘፈን በሰማሁ ቀን ግን መፈለግ አላስፈለገኝም። መጀመሪያ ከበሮው ብቻውን ይንኳኳል። ከዚያ የቤዙ ድምፆች በጨለማ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው፣ እግራቸውን እያሳረፉ፣ አንድ በአንድ ይመጣሉ። ጊታሩ ዜማ ከመጫወት ይልቅ ይቧጭራል፤ ያስተጋባል። ድምፃዊው ፒተር መርፊ አፉን እስኪከፍት ሦስት ደቂቃ ያህል ያልፋል። ያን ሁሉ ጊዜ ዘፈኑን ተሸክሞ የሚሄደው ቤዙ ነው።

ተጫዋቹ ዴቪድ ጄይ ነው፤ ሙሉ ስሙ ዴቪድ ጆን ሃስኪንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እዚሁ ከተማ የተወለደ። ከበሮውን የሚመታው ኬቪን ታናሽ ወንድሙ ነው። የዘፈኑን ግጥም የጻፈውም ራሱ ዴቪድ ጄይ መሆኑን ያወቅኩት ብዙ ዘግይቼ ነው። ያን ካወቅኩ በኋላ ነው ብቻውን የሠራቸውን አልበሞች መፈለግ የጀመርኩት።

ኖርዝሃምፕተን የጫማ ከተማ ናት። የእግር ኳስ ቡድኗ እንኳ ቅጽል ስሙ «ጫማ ሰፊዎቹ» ነው። በከተማው ሙዚየም አንድ ያረጀ የወንድ ጫማ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፤ ከሶሉ ጋር የሚያያዘው ክር ግን ጥርሱን እንደነከሰ ነው፤ አንድ ጥልፍ አልተፈታም። ጫማውን ያደረገው ሰው ያን ስፌት በዕድሜው ሙሉ ልብ ብሎት እንደሆነ እንጃ።

ገበያው አደባባይ ተቀምጬ የጆሮ ማዳመጫዬን አጠለቅኩ። ባውሃውስ በ1983 ሐምሌ ወር ለንደን፣ ሃመርስሚዝ ፓሌ ውስጥ የመጨረሻ ዝግጅቱን አቅርቦ ተበተነ። በዚያው ዓመት ዴቪድ ጄይ «ኤቲኬት ኦፍ ቫዮለንስ» የተባለውን የመጀመሪያ የግል አልበሙን አወጣ። የመርፊን ነጎድጓድ የለመደ ሰው እዚህ አያገኘውም። የዴቪድ ጄይ ድምፅ ወደ ንግግር የቀረበ ነው፤ ቃሉን ያስቀድማል፤ አይጮህም። እኔ የምወደውም ለዚህ ነው። በ1984 የከተማው ልጅ ደራሲ አለን ሙር «ቪ ፎር ቬንዴታ» ለተባለው የሥዕል ታሪኩ የጻፈውን የዘፈን ግጥም ዜማ አበጅቶለት በሸክላ አሳተመው። አንዱ በብዕሩ፣ ሌላው በጊታሩ፣ የአንድ ከተማ ሰዎች ሲተጋገዙ ማየት ደስ ያሰኛል።

ከዚያ ከወንድሙና ከጊታር ተጫዋቹ ከዳንኤል አሽ ጋር ላቭ ኤንድ ሮኬትስ የተባለውን ባንድ መሠረተ። በ1989 «ሶ አላይቭ» የተባለው ዘፈናቸው በአሜሪካ የቢልቦርድ ዋና የዘፈኖች ሰንጠረዥ 3ኛ ደረጃ ደረሰ። በማግስቱ ዓመት ሌላ ሰው ቢሆን ያንኑ የስኬት መንገድ ይዞ በቀጠለ ነበር። እሱ ግን «ሶንግስ ፍሮም አናዘር ሲዝን» የተባለ፣ አኩስቲክ ጊታር የሚገንበት ዝግ ያለ አልበም አወጣ። ከእሱም «አይል ቢ ዩር ሾፈር» የሞደርን ሮክ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ በሰዎች ሳሎን እየዞረ መጫወት ያዘ። ይህን እንደ ውድቀት የሚያዩ ሰዎች ያናድዱኛል። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ከአድማጩ ጉልበት ሥር ሲቀመጥ ወረደ የሚለው ማን ነው? ዓይን ለዓይን እየተያዩ መዝፈን ከአዳራሽ ይከብዳል፤ መደበቂያ የለውም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዌሊንግቦሮ ሄድኩ። ሁለቱን ከተሞች በቀጥታ የሚያገናኝ ባቡር ስለሌለ በአውቶቡስ ነው። የመጀመሪያው አምልጦኝ በካፊያ ቆሜ ጠበቅኩ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1979 አራቱ የባውሃውስ ወጣቶች እዚህች ከተማ ወደሚገኘው ቤክ ስቱዲዮ የመጡት አብረው መጫወት ከጀመሩ ገና ስድስት ሳምንት ሲሆናቸው ነው። ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ የሚረዝመውን «ቤላ ሉጎሲስ ዴድ» ሳይቆራርጡ አንድ ጊዜ ተጫውተው ቀረጹት።

መብራት ሲበራ ቀይ ጡብ ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ዳር፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው መጠለያ ሥር ቆሜ ዘፈኑን ከፈትኩት። ከበሮው ተንኳኳ። ቤዙ መውረድ ጀመረ። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተልኝ፤ አልተሳፈርኩም፤ መርፊ ገና አፉን አልከፈተም ነበር።