እማዬና ሳላው፦ አዋሽ ፓርክ ላይ ቁጭ ማለት

የአዳማ ሰው አዋሽ ፓርክን የሚያውቀው በመኪና መስኮት ነው። ወደ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ስንሄድ መተሐራን እናልፋለን፣ የበሰቃን ሐይቅ እናልፋለን። ከዚያ መንገዱ ፓርኩን ሰንጥቆ ሲገባ፣ ያንን ባለ ረጅም ቀንድ የዱር እንስሳ አይተን «ያውና ሳላ!» ተባብለን ወደ ወሬያችን እንመለሳለን። እኔም እስካለፈው ኅዳር ድረስ ያው ነበርኩ።

ፋርማሲ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው ዕረፍት ሲያገኝ የሚያምረው መቀመጥ ነው። ስለዚህ ፓርኩ ውስጥ፣ የአዋሽ ወንዝ ፏፏቴ አፋፍ ላይ ካለው ሎጅ ክፍል ያዝኩ። ይዤ የሄድኩት እናቴን ነው። «ከአዳማ ሙቀት ወደባሰ ሙቀት፣ ያውም ተከፍሎ?» አለችኝ። እንዲያም ሆኖ ጀበናዋን ለመጠቅለል አልዘገየችም።

ከፓርኩ በር ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ ኢላላ ሳላ የሚባለውን ሜዳ ያቋርጣል። ሳሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ሳላዎቹ ቀንዳቸውን ቀጥ አድርገው ቆመዋል፣ ለእኛ ደንታም የላቸው። እማዬ ስካውቱን «ወንዱ የቱ ነው ልጄ?» አለችው። ወንዱም ሴቷም ቀንድ እንዳላቸው፣ የሴቷ ቀጠን ብሎ እንደሚረዝም ነገራት። «ጎሽ!» አለች፣ በጣም ደስ ብሏት። ሳላ በሙቀት ጊዜ ቶሎ አያልበውም፤ ውሃ ላለማባከን የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይተወዋል። ይህንን ስነግራት ግን ብዙም አልገረማት። የአዳማ ሴት ናትና።

ከሜዳው ማዶ ፈንታሌ ይታያል። 2007 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከሥሩ ቅልጥ አለት ሲንቀሳቀስ መሬቱ ስንት ቀን እንደተንቀጠቀጠ ታስታውሳላችሁ፤ አዳማም ተሰምቶን ነበር። እማዬ ተራራውን ገልመጥ አድርጋ «ቁም ሳጥኔን ያንቀጠቀጠው ይሄ ነው?» አለች።

ሎጁ ከደረስን በኋላ ምንም አልሠራንም። በቃ፣ ምንም! በረንዳው ላይ ተቀመጥን። የውሃው ድምፅ ስልክ ሲጠራ እንኳ አያሰማም፣ እሰይ። እኛ አዳማዎች አዋሽን የምናውቀው በቧንቧ ነው። ቆቃ ላይ ተገድቦ፣ የወንጂን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ እኛንም አጠጥቶ የተረፈው ነው እዚህ የሚወድቀው። ከዚህ ወደ አፋር ይወርድና አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል እንጂ ባሕር አይደርስም።

ከፏፏቴው በታች አሸዋው ላይ አዞ ተጋድሞ ነበር። እማዬ ግንድ ነው ብላ ተከራከረችኝ። ግንዱ ተነስቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ተማተበች።

ስለ ዝንጀሮዎቹም ልንገራችሁ። ከፏፏቴው በላይ በኩል ያሉት በየቦታው የምናያቸው ዓይነት ናቸው። በታች በኩል ደግሞ ወንዱ ትከሻው ላይ ብርማ ጋማ የሚያወርድ ሌላ ዝርያ አለ። ሁለቱ እዚህ አካባቢ ይገናኛሉ፣ ይዋለዳሉም። ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲከታተሏቸው ኖረዋል። እኛን ያስቸገረን ግን ዝንጀሮ አይደለም፣ ጦጣ ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አንዱ መጣና የስኳሩን ዕቃ አንስቶ ግራር ላይ ወጣ። ቶናውን መራራውን ጠጣነው።

«አንበሳ አየሽ?» ይሉኛል ሰዎች። አላየሁም። ፍለጋም አልወጣሁም። ቀኑን ሙሉ አቧራ እየቃሙ አንበሳ ማሳደድ ለእኔ ሥራ እንጂ ዕረፍት አይደለም። መሄድ የምትፈልጉ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሂዱ፣ ግንቦትን ተዉት። ስኳራችሁንም ክዳን ባለው ነገር ያዙ።

እማዬ አሁን ለዕድር ጓደኞቿ እያወራች ነው። አዞው በየሳምንቱ እያደገ ነው፣ ባለፈው እሑድ ሚኒባስ አክሎ ነበር። ለፋሲካ ማግስት እነሱንም ይዘሽ ሂጂ እያለችኝ ነው፣ የሙቀቱን ነገር ብነግራትም አልሰማ ብላለች።