ንግሥቲቱና ቦዩ፦ ከቻምባ ታሪክ ጋር ስምንት ወር

ዘንድሮ በንባብ ቡድናችን እያንዳንዱ አባል በካርታ ላይ ፈልጎ ለማግኘት የምታስቸግር አንዲት የድሮ መንግሥት መርጦ እንዲያጠና ስንስማማ፣ እኔ ወደ ተራራ ወጣሁ። የመረጥኳት ቻምባን ነው። ቻምባ በምዕራብ ሂማላያ በራቪ ወንዝ ዳር የነበረች ትንሽ መንግሥት ስትሆን ምድሯ ዛሬ በሕንድ የሂማቻል ፕራዴሽ ክፍል ነው። ጥናቱን ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የደረስኩበትን፣ የተሳሳትኩበትንም ጭምር ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ቻምባ ላላችሁኝ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል እንጀራዬን ያገኘሁት በውኃ መስመር ዝርጋታ ነው። ስለዚህች አገር መጀመሪያ ያነበብኩት ታሪክም የቦይ ታሪክ ነበር።

በ920 አካባቢ ንጉሥ ሳሂላ ቫርማን መናገሻውን ከላይኛው ሸለቆ፣ ከብራህማፑራ አንስቶ ወደ ታች አወረደና ከራቪ ወንዝ በላይ ባለ ደልዳላ ቦታ ላይ አዲስ ከተማ ቆረቆረ። ወንዙ ግን ከከተማዋ ሥር በጥልቁ ነው የሚፈስሰው። ስለዚህ ንጉሡ ሳሮታ ከሚባለው ጅረት ቦይ አስቆፈረ። ቦዩ ተቆፍሮ አለቀ፤ ውኃው ግን አልገባ አለ። የውኃው መንፈስ መሥዋዕት ይሻል፣ መሥዋዕቱም ንግሥቲቱ ወይም ልጇ መሆን አለባቸው ተባለ። ነገሩ ለንጉሡ በሕልም ተገለጠለት የሚሉም አሉ። ንግሥቲቱ በልጇ ፈንታ ራሷን ሰጠች። ደንገጡሮቿን አስከትላ፣ ራሷን ሳትከናነብ፣ ባሎታ በምትባል መንደር አጠገብ ቦዩ ከጅረቱ ወደሚነሣበት ቦታ ወጣች። ጉድጓድ ተቆፈረላትና በሕይወቷ ገባችበት። አፈሩ ሲሞላ ውኃው መውረድ ጀመረ ይላሉ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተናገረው በውስጤ ያለው የውኃ ሠራተኛ ነው። በአፈር ላይ አዲስ የተቆፈረ ቦይ ውኃ ይጠጣል። ደረቁ አፈር እስኪጠግብና ስንጥቁ በደለል እስኪደፈን ድረስ ከላይ የተለቀቀው ውኃ ታች ሳይደርስ ይቀራል። ተዳፋቱ በጥቂቱ ከተዛባም ውኃው ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ በደብተሬ ላይ «ምክንያቱ ይህ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ሁለት ወር ሙሉ አፈ ታሪኮቹን ሁሉ እንዲሁ እየፈታሁ፣ የፈታሁትን እያለፍኩ ሄድኩ። ያ ጊዜ ብዙ ነገር አሳልፎብኛል፤ አንዱን ታሪክ ከፈታሁት በኋላ ተመልሼ አላየውም ነበርና።

አካሄዴን ያስለወጠኝ አንድ የመዳብ ሰሌዳ ነው። የቻምባ ነገሥታት ለቤተ መቅደስ ወይም ለካህን መሬት ሲሰጡ ስጦታውን በመዳብ ላይ ያስቀርጹ ነበር። የእኛ ነገሥታት የጉልት ስጦታን በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ እንዳስጻፉት ማለት ነው። ከእነዚህ ሰሌዳዎች ሁሉ ጥንታዊው፣ የሳሂላ ልጅ የዩጋካራ ቫርማን ነው። ለናራሲምሃ ቤተ መቅደስ መሬት ሲሰጥ የአባቱንና የእናቱን ስም አስቀርጿል። እናቱ ኔና ዴቪ ትባላለች። ሕዝቡ ደግሞ ከቦዩ ራስ የተቀበረችውን ንግሥት የሚጠራት ናይና ብሎ ነው።

ሰሌዳው ስለ መሥዋዕት አንድ ቃል አይናገርም፤ ጉዳዩ መሬት ነው። ስሟ ግን አለ። ደግሞም ያስቀረጸው ልጇ ነው፤ በአፈ ታሪኩ መሠረት እሷ ባትገባ ወደ ጉድጓዱ ሊገባ ይችል የነበረው ዙፋን ወራሽ። ይህን ሁለቱን ጎን ለጎን ባየሁበት ማታ ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁና በሰፈሩ ረጅም መንገድ በእግሬ ሄድኩ። መሥዋዕቱ በእርግጥ ስለመፈጸሙ ሰሌዳው ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን አንድ ሺህ ዓመት ሙሉ ተራ ሰዎች የአንዲትን ሴት ስም በቃል ይዘው ቆይተዋል። ያንኑ ስም ከመዳብ ላይ ማንበብ ከዚያ በፊት በማንኛውም ንባብ ያላገኘሁት ስሜት ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዬ ተለወጠ። «ይህ ሆኗል ወይስ አልሆነም» ከማለት በፊት «ይህን ማን ጠበቀው፣ በምን ላይ ጠበቀው» እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ። ውኃው ራሱ ወደ ምንጭ ድንጋዮቹ መራኝ።

በቻምባ ሸለቆዎች፣ በተለይ በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዘመን፣ የአካባቢው ባላባቶች ለሞተ ዘመዳቸው መታሰቢያ ምንጭ ያሠሩ ነበር። ከተራራው የሚወርደው ውኃ በተቀረጸ ትልቅ ጥርብ ድንጋይ መካከል አልፎ ይወጣል፤ ድንጋዩ ላይ የውኃው አምላክ ቫሩና ይቀረጻል፣ አንዳንድ ጊዜም ጽሑፍ ይታከልበታል። ባላባቱ ስሙን ሊያስቀርጽ ሲፈልግ የድንጋይ ሐውልት ብቻ አቁሞ አያበቃም፤ መንደሩ በየቀኑ እንስራ ይዞ የሚመጣበትን ቦታ ያሠራል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ቦኖ ስተክል ኖሬ የሰው ስም በቧንቧ ላይ ሊኖር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱ ዴቪ ሪ ኮቲ በሚባል መንደር የተገኘ ነው። ጽሑፉ እንደሚለው ባላባቱ ሲሞት ሚስቱ ባልሃ በልማዱ መሠረት በባሏ እሳት ልትቃጠል ተነሣች፤ ልጆቿ ግን ያዟት። ከዚያ በኋላ በጾምና በምጽዋት ኖረች፤ ይህንንም ምንጭ ለባሏ ነፍስ አሠራች። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ እንግዲህ፦ አንዷ ለውኃ ስትል ወደ ሞት የሄደች፣ ሌላዋ ከሞት ተይዛ ውኃ ያወጣች። የመጀመሪያዋን ብዙ ሰው ያውቃታል። ሁለተኛዋን በዚህ ቡድን ውስጥ ቢያንስ እኛ እንድናውቃት እፈልጋለሁ።

ከምንጭ ድንጋዮቹ አንዳንዶቹ ዛሬ በቻምባ ከተማ ቡሪ ሲንግ በሚባለው ሙዚየም ይገኛሉ። ሙዚየሙ በ1908 ተከፈተ። ጽሑፎቹን ሰብስቦ ያነበባቸው ሆላንዳዊው ዣን ፊሊፕ ፎኸል ነው፤ እሱ ባይደክም ኖሮ እኔ ይህን ሁሉ ባላወቅሁ ነበር።

በዘመን አቆጣጠሩ ከማናቸውም ነገር በላይ ተቸግሬአለሁ። እኛ ሰባትና ስምንት ዓመት እየቀነስን መኖር የለመድን ሰዎች ስለሆንን ቀላል ይሆንልኛል ብዬ ነበር። የቻምባ ጽሑፎች የሚጠቀሙበት ሻስትራ የሚባለው ዘመን ግን መቶዎቹን ይተዋል፤ መቶ ሲሞላ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሳልሂ በተባለ ቦታ ያለው ድንጋይ «ዓመት 46» ይላል። ወደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ለመመለስ 24 ስትደምሩበት 70 ይሆናል። ግን 970 ነው? 1070 ነው? ወይስ 1170? መልሱ የተገኘው እዚያው ላይ የንጉሥ ላሊታ ቫርማን 27ኛ የንግሥና ዓመት መሆኑ አብሮ ስለተጻፈ ነው፤ 1170 ነው። እኔ በመጀመሪያው ሠንጠረዤ ሁለት ነገሥታትን በዚህ ምክንያት መቶ ዓመት አሳስቼ አስቀምጬ ነበር። ለምታጠኑት አገር ሠንጠረዥ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ቀኑ በምን አቆጣጠር እንደተጻፈ የሚያሳይ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ከመጀመሪያው ክፈቱ።

የመንግሥቱን መጀመሪያም እንዲሁ አስተካክያለሁ። ልማዱ ማሩ የሚባል ሰው በ550 አካባቢ እንደመሠረተው ይተርካል፤ እኔም ይህን በቀይ ቀለም ጽፌ ነበር። በጽሑፍ ጎልቶ የሚታየው ግን በ700 አካባቢ የነገሠው ሜሩ ቫርማን ነው። እሱ በብራህማፑራ፣ በዛሬው ባርሙር፣ ያሠራቸው የናስ ምስሎች እስከ ዛሬ አሉ፤ ከሥራቸውም የሠሪው ስም ተጽፏል፦ ጉጋ። ከንጉሡ ጋር እኩል በአንድ ጽሑፍ ላይ የአንድ አንጥረኛ ስም! ቻትራሪ ውስጥ ያለችው የሻክቲ ዴቪ ምስልም የእጁ ሥራ ናት። የፎቶግራፏን ቅጂ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ሰቅያለሁ።

ሌሎቹን አፈ ታሪኮች በአጭሩ ልንካቸው። ሰማንያ አራት ባሕታውያን ወደ ባርሙር መጥተው ልጅ ላጣው ንጉሥ አሥር ወንዶች ልጆች እንደሚወልድ ተናገሩ፤ ቻምፓቫቲ የምትባል ሴት ልጅም ወለደ። ይህች ልጅ ወደ አንድ ባሕታዊ ዘንድ ስትመላለስ አባቷ ተጠራጥሮ ሰይፍ ይዞ ተከተላት፤ ሲደርስ ቤቱ ባዶ ነበር። ያለ አግባብ ስለጠረጠራት ለእሱ ቅጣት እንዲሆን ልጁ ተወስዳለች የሚል ድምፅ ሰማ፤ ቤተ መቅደስ ሠራላት፣ ከተማዋም በስሟ ተጠራች። ከዚህ ወዲህ ባለው ዘመን ደግሞ ባትሉ የምትባለውን ሞግዚት እወዳታለሁ። በ1620ዎቹ የኑርፑር ገዥ ጃጋት ሲንግ የቻምባውን ጃናርዳንን ገድሎ ቤተ መንግሥቱን ሲይዝ፣ ሕፃኑን ፕሪትቪ ሲንግን ደብቃ ያወጣችው እሷ ናት። ልጁ በ1641 ተመልሶ አገሩን ያዘ። ጦርነቱን ለማጥናት ገና አልጀመርኩም፤ ባትሉን ግን ከጦርነቱ በፊት ጽፌአታለሁ።

መንግሥቱ ሚያዝያ 15 ቀን 1948 በሂማቻል ፕራዴሽ ውስጥ ተጠቃለለ።

አሁን የምለማመደው የኋለኛው ዘመን ጽሑፍ የሚጻፍበትን ታክሪ የሚባለውን ፊደል ነው፤ በየማታው አምስት አምስት ፊደል። ከዚያ ቀጥሎ የመዳብ ሰሌዳዎቹን ቅጂዎች በራሴ ዓይን መከተል እፈልጋለሁ፤ የጥንቶቹ ግን በሻራዳ ስለተጻፉ እሱን ሌላ ዓመት ይዤዋለሁ። ናይናን የሚያስቧት በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ መካከል ሱሂ ማታ በተባለው መቅደሷ ነው። በዓሉ የሴቶችና የልጆች ነው፤ እየዘፈኑ ወደ መቅደሷ ይወጣሉ፣ ወንዶች አይሳተፉም። ሴት ልጄ ይህን ስነግራት «እንግዲያው እኔ ነኝ የምሄድልህ» አለችኝ። እሷ ሽቅብ ስትወጣ እኔ ከታች ሆኜ ቦዩን አያለሁ።