የአባይ በረሃ ቁልቁለትና የሦስተኛዋ ሲሊንደር ጥቀርሻ

ሰሞኑን ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ቪትዝ መኪናዬ እንደ ድሮዋ አላንኳኳችም፤ ማለቴ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሲነድ ሞተሯ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ቀንሷል። ብዙ ስለለፋሁበት ደስታዬን ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ሥራው ግን አላለቀም። ሰው ጭኜ ስወጣ አሁንም ትንሽ ይሰማል፤ ጥፋተኛዋም አንዲት ሲሊንደር (ፒስተኑ የሚመላለስባትና ቤንዚኑ የሚነድባት ክፍል) ናት።

መኪናዋ 1.3 ሞተር ያላት የቆየች ቪትዝ ናት። ውሎዋ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ መንገዱ ያልቃል፣ ካርቦን፣ ማለትም ጥቀርሻ፣ ሲሊንደር ውስጥ የሚጠራቀመውም በዚህ ነው፤ ማንኳኳቱን የሚያመጣውም እሱ ነው። ከተማ ውስጥ ግን ምንም አይሰማም። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊትም ይቀንሳል። በረሃው ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃል። ከዚያ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ስትጀምሩት ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የተበተነ ይመስል መንኳኳት ይጀምራል።

የመጀመሪያውን ሥራ ቶሎ ልለፈው። የአየር ፊልትሮና ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ቀየርኩ፣ ትሮትል ቦዲውን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን በር) በስፕሬይና በጨርቅ ጠረግኩ። ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተር ዙር) ተስተካከለ። ማንኳኳቱ ግን እንዳለ ነበር።

ከዚያ ቤንዚን ውስጥ ወደሚጨመረው ማጽጃ ገባሁ። እዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ጠርሙሱ ላይ ፖሊኢተራሚን ካልተጻፈበት አልገዛም። እሱ ሙቀት ይችላል፤ ስለዚህ ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ቦታ ድረስ ዘልቆ ጥቀርሻውን ያላቅቃል። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ እንዳለው ነው፣ ሁለት ዓይነት መቀላቀል የለም። ጨምሮ ከተማ ውስጥ መዞርም ገንዘብ መጣል ነው። እኔ በቡሬ፣ በእንጅባራ አድርጌ ባሕር ዳር ድረስ ነዳኋት። ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ሞተሩ እንደሞቀ ይሄዳል። ስመለስ ዘይት ቀየርኩ፣ ምክንያቱም የማጽጃው ትራፊ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። በአየር ማስገቢያው ውሃ አፍስስ የሚሏችሁን አትስሙ። ውሃ አይታመቅም፤ ትንሽ ከበዛ የፒስተኑን ክንድ ያጣምማል። ደግሞ ቤንዚኑ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭባቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ይህ ማጽጃ የቫልቩን (አየር ወደ ሲሊንደር የሚያስገባውን በር) ጀርባ አይነካውም፤ እዚያ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

ከዕቃዎቼ ሁሉ የምወዳት ስልክ ላይ የምትሰካዋን ቀጭን ካሜራ ነው። ካንዴላ ፈትቼ በቀዳዳው አስገባታለሁ። ከማጽጃው በፊት የአራቱም ፒስተኖች አናት ጥቁርና ሻካራ ቅርፊት ለብሶ ነበር። ከባሕር ዳር ስመለስ አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋና አራተኛዋ ላይ ግራጫው ብረት ብቅ ብሏል፤ ፒስተኑ ላይ ያለው የፋብሪካ ምልክት ሳይቀር ይነበባል። ሦስተኛዋ ግን ያው ጥቁር ናት፣ ያውም የሚያብለጨልጭ እርጥብ ጥቁር። ሌላ ጠርሙስ ጨምሬ ነዳሁ። ለውጥ የለም። ካንዴላዋም ዘይት ነክቶታል።

ዘይት ከገባ ማጽጃው የቱንም ያህል ቢያጥብ ጥቀርሻው ተመልሶ ይመጣል። ጥያቄው በየት ነው የሚገባው? በፒስተን ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) ወይስ በቫልቭ ጎማ (ዘይት በቫልቩ ዘንግ በኩል እንዳይወርድ በምትከለክለው)? አንድ የጋራዥ ሰው ጋ ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ከደጀን በማርሽ ይዘህ ውረድ። ዳገቱን ስትጀምር ነዳጅ ስጣት፣ ሰው ደግሞ ከኋላ ሆኖ ጭሱን ይይልህ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነዳጅ ሳትረግጡ በማርሽ ስትወርዱ ትሮትሉ ዝግ ነው። ሞተሩ አየር ለመሳብ ሲታገል የሚፈጠረው መምጠጥ ባረጀችው የቫልቭ ጎማ በኩል ዘይት ይጎትታል። ነዳጅ ስትረግጡ ያ የተጠራቀመ ዘይት ይነድዳል። ፋሻ ቢሆን ኖሮ ዳገቱን ሁሉ ያጨስ ነበር። ወንድሜ በአይሱዙው ከኋላ ተከተለኝ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሃ ጽዮን ስረግጣት ሰማያዊ ጭስ ቡን አለ፣ ኩርባውን ሳልጨርስ ጠፋ። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚያምቁበትን ግፊት) ሳስለካም አራቱም ተቀራራቢ ሆኑ፤ ፋሻው ደህና ነው ማለት ነው። እንግዲህ ጎማዋ ናት።

ጎማዋን ለመቀየር ብዙ ጋራዥ ወዲያው ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ክዳን) ይውረድ ይላል። እኔ አልስማማም። በካንዴላው ቀዳዳ የናይለን ገመድ ጠቅጥቆ ፒስተኑን ወደ ላይ ማምጣት ይቻላል፤ የገመዱ ጫፍ ግን ውጭ መቅረት አለበት። ገመዱ ቫልቩን ከሥር ደግፎ ስለሚይዘው ሞላው (የቫልቩ ስፕሪንግ) ሲፈታ ወደ ውስጥ አይወድቅም። የሚያስቸግረኝ የቪትዝ ቦታ ጠባብነት ነው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከወጣ በኋላ ሞላውን በምን ተጭናችሁ ፈታችሁት? የሠራችሁት ካላችሁ የመሣሪያውን ፎቶ ላኩልኝ።