ማኅተሙ ጎልቶ ይታያል፣ ቀኑ አይነበብም

አንዳንድ ድረ ገጽ ስትከፍተው መጀመሪያ የሚቀበልህ የኃላፊው መልእክት ነው። ከሥሩ የሚንሸራተቱ ፎቶዎች፤ ቀጥሎ ማንም ሳይነካው የሚጫወት ቪዲዮ። አንተ የመጣህበት ጉዳይ ታች ነው፤ ዳታህ እስከዚያ ከዘለቀ።

ደሴ ውስጥ የኮምፒውተር ቤት አለኝ። ኮፒ እናደርጋለን፣ ፎርም እንሞላለን፣ አልፎ አልፎም ለሰው ድረ ገጽ እሠራለሁ። በምዝገባ ሰሞን ቤቱን ተማሪ ይሞላዋል። በስልካቸው አልከፈት ብሏቸው ነው የሚመጡት። በቀደም ከኩታበር የመጣች ልጅ የአንድ ትምህርት ቤት ገጽ ክፈትልኝ አለችኝ። ዘጠኝ ሜጋባይት ገደማ አወረደ። ማስታወቂያው ሲገኝ ደግሞ ጽሑፍ አይደለም። ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት በስልክ ፎቶ የተነሳ ወረቀት ነው። ማኅተሙ ጎልቶ ይታያል። የመጨረሻው ቀን ግን እጥፋቱ ላይ ውሏል። «ጋሼ፣ 8 ነው 3?» እኔስ በምን ልወቀው! እንዲህ ያለውን ኮፒ አድርገህ ለጓደኛህ አትልከውም። ለዓይነ ስውር ጽሑፍ የሚያነበው ስልክም ምንም አያገኝበትም።

ያው ማስታወቂያ በፊደል ቢጻፍ ስድስት መስመር ነው፤ ቢበዛ 300 ፊደል። ፊደል ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጥበት በተለመደው ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ የላቲኑ አንድ። በሦስት አባዛው፤ አንድ ኪሎባይት አይሞላም። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ከገባ ከ1999 (እንደ ፈረንጅ) ጀምሮ ስንት ዓመቱ፣ እኛ አሁንም ወረቀት ፎቶ እናነሳለን። ለውበት ተብሎ የሚጫን የአማርኛ ፎንትም አለ። ፊደላችን ብዙ ስለሆነ ፋይሉ ይከብዳል። አብዛኛው ስልክ የራሱን ይዞ ስለሚመጣ ለተራ ጽሑፍ እሱ ይበቃል።

የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ-ሊ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሠርቶ በ1991 (እንደ ፈረንጅ) ለሕዝብ የከፈተው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበር። ዛሬም በማንኛውም ስልክ ይከፈታል።

የኛ የሚከብደው ሠሪው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ደንበኛው ገንዘብ የሚያወጣው ለሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ሠሪውም ሁሉን ያጨቀ ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ ያለቀ የገጽ ንድፍ) ያወርድና ቢሮ ዋይፋይ ላይ ሞክሮ ያስረክባል። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ የሚሞክረው የለም።

ሐይቅ ላይ ማረፊያ ላላቸው ሐጂ ስሠራ ይኸው ጭቅጭቅ ገጠመኝ።

«ልጄ፣ ሐይቁ ይንቀሳቀስ እንጂ!»

«ሐጂ፣ ሐይቁን እንግዳው መጥቶ ያየዋል። ስልክዎን ግን ሳይመጣ ነው የሚፈልገው።»

ፎቶ ጠላቴ አይደለም። የሰጡኝ የሐይቁ ፎቶ አምስት ሜጋባይት ነበር። ለስልክ በሚበቃ መጠን አሳንሼ ዌብፒ ወደሚባለው ቀላል የፎቶ ፋይል ዓይነት ስቀይረው 80 ኪሎባይት ሆነ፤ በስልክ ላይ ልዩነቱን ራሳቸውም አላወቁትም። ከላይ የአልጋ ዋጋ፣ ቀጥሎ ዓሣው፣ ከዚያ ሲነኩት የሚደውል ቁጥር። ገጽ ላይ ነገር የሚያንቀሳቅሰውን ጃቫስክሪፕት የሚባል ኮድ አላስገባሁም።

ሐጂ ገጹን ወደውታል። አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል ይላሉ፤ ሲከፈት መንዙማ ይሰማ። እሷን ገና እየተደራደርን ነው።