ሮን ሞልቶ ሞን ሲጎድል፦ ቤንዚን ስቀላቅል የተማርኩት

ኦክቴን (ቤንዚን ሞተር ውስጥ በራሱ ጊዜ ተቀጣጥሎ እንዳያንኳኳ የሚቋቋምበት ልክ) ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ቁጥር ነው። እኛ ቅልቅል የምንሠራው ግን ሁለት ጌቶች አሉን፤ ሮን (RON) እና ሞን (MON) የሚባሉ ሁለት የኦክቴን መለኪያዎች። ሁለቱም የሚለኩት በባለ አንድ ሲሊንደር የሙከራ ሞተር ነው። እየሠራች ኮምፕረሽኗን (አየርና ነዳጁን የምትጨምቅበትን መጠን) ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሮን በደቂቃ 600 ዙር፣ ቀለል ባለ ሁኔታ ይለካል። ሞን ደግሞ በ900 ዙር፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየርና ነዳጅ 149 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ። ሞን የዳገት ፈተና ነው በሉት።

የተሰጠኝ ልክ ሮን 95፣ ሞን 85 ነበር። በብዛት የነበረኝ የክራከር ናፍታ (ከባድ ዘይት ተሰባብሮ የሚገኝ፤ ሮን 92፣ ሞን 80 ገደማ) እና ሪፎርሜት (ኦክቴኑ እንዲጨምር ተለውጦ የተሠራ ናፍታ፤ 98 እና 87 ገደማ) ነው። ግማሽ በግማሽ ሲሰላ ሮን 95 ድፍን ይላል። ሞን ግን 83.5 ላይ ቁጭ! ጉዱ ያለው የክራከሩ ናፍታ ላይ ነው። ኦሌፊን የሚባል የሃይድሮካርቦን ዓይነት ይበዛበታል፤ ኦሌፊን ደግሞ ሙቀት ሲበረታበት ወኔው ይከዳዋል።

ሪፎርሜቱን እንዳልጨምር፣ አሮማቲክ የሚባሉ ሃይድሮካርቦኖች ይበዙበታል፤ የእነሱ መጠን ደግሞ ጣሪያ አለው። ያዳነኝ አልኪሌት (ከቀላል ጋዞች የሚሠራ የቤንዚን ግብዓት) ነው፤ ሮኑ 95፣ ሞኑ 92 ገደማ። ናፍታ 40፣ ሪፎርሜት 40፣ አልኪሌት 20 በመቶ ሳደርገው ሮኑ ሳይነቃነቅ ሞን 85.2 ገባ።

ይህ እንግዲህ የወረቀት ሒሳብ ነው። ኦክቴን እንደ ብር አይደመርም። ኢታኖል ለብቻው ሮኑ 109 ገደማ ነው። ኦክቴኑ ዝቅ ያለ ቤንዚን ውስጥ ሲገባ ግን ከዚያም በላይ እንዳለው ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ ትንሽ ናሙና ቀላቅዬ ሞተሯ ላይ ሳላስለካ ታንክ አልነካም።

ሌላው ራስ ምታት ትነት ነው። ቡቴን የሚባለው ቀላል ጋዝ ኦክቴኑ ጥሩ ነው፤ ግን የእንፋሎት ግፊቱን ሽቅብ ይሰደዋል። ኢታኖል ደግሞ ለብቻው ያን ያህል የሚተን አይደለም፤ ቤንዚን ውስጥ 10 በመቶ ሲገባ ግን ግፊቱን በ7 ኪሎፓስካል ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ኢታኖል ካስገባሁ ቡቴን ቦታ ይለቃል፣ በቃ። ታንኩም ደረቅ መሆን አለበት። ውሃ ከገባ ኢታኖሉ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል፤ ላይ የሚቀረው ኦክቴኑ የወረደ ቤንዚን ነው።

ከዚህ ሁሉ ድካም ሞተሩ ምን ያገኛል? እንደ ሞተሩ ነው። ለ91 የተሠራና በዚያው የማያንኳኳ መኪና ላይ 98 መሙላት ገንዘብ መበተን ነው። ጥቅሙ የሚታየው ኮምፕረሽኑ ከፍ ባለ ወይም ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ባለው ሞተር ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ማንኳኳት ሲሰማ ሴንሰሩ ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ወደኋላ ይጎትተዋል። ያኔ ጉልበት መሆን የነበረበት ሙቀት በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጥሩ ኦክቴን ይህን ያስቀራል። ኢታኖልም ሲተን የሚገባውን አየር ስለሚያቀዘቅዝ ያግዛል። በሊትር ያለው ኃይል ግን ከቤንዚን በሲሶ ገደማ ያንሳል። 10 በመቶ ሲቀላቀል ከእያንዳንዱ ሊትር 3 በመቶ ያህል ኃይል ይጎድላል ማለት ነው። ሞተሩ በኦክቴኑ ካልተጠቀመ ነጂው በተመሳሳይ ሊትር ትንሽ አጠር ያለ መንገድ ይሄዳል።