ጋይሮው ምንም አላጠፋም ነበር

በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራና እያንዳንዱ ክንፉ 600 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ሞዴል ሄሊኮፕተር ዕቃውን ገዝቼ ራሴ ገጣጥሜ አብርሬያለሁ። አብዛኛው ሥራ ከትዕግሥት በስተቀር የሚጠይቀው ነገር ስለሌለ ብዙ አልጽፍበትም፤ ኩሽኔታዎቹ ቦታቸውን ያዙ፣ ብሎኖቹ እንዳይላሉ ማጣበቂያ ተቀቡ፣ ሰርቮዎቹም (የክንፎቹን አንግል የሚቀይሩት ትንንሽ ሞተሮች) ተስተካከሉ። ይህን የምጽፈው ጅራቱ አልረጋ ብሎኝ ስለተንከራተትኩና አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ጊዜዬም ገንዘቤም ይተርፍልኝ ስለነበር ነው።

ሁለቱ ክንፎች ክብደቱን የሚሸከሙት እንደ ማንኛውም የአውሮፕላን ክንፍ አየሩን ወደ ታች በመግፋት ነው። የሚገኘው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚጨምር ብዙውን ሥራ የሚሠራው ወደ ጫፉ ያለው ክፍል ሲሆን፣ የእኔ ሮተር (ክንፎቹን ይዞ የሚዞረው ክፍል) በደቂቃ 1,800 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 127 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከፍና ዝቅ ለማለት የሁለቱንም ክንፎች አንግል እኩል መጨመር ወይም መቀነስ ይበቃል። ወደ ፊት ለመሄድ ግን ስዋሽፕሌቱ (ከሮተሩ ሥር ሆኖ የክንፎቹን አንግል የሚመራው ሳህን መሰል ክፍል) ያጋድልና እያንዳንዱ ክንፍ በአንድ ዙር ውስጥ አንግሉን ይቀያይራል። ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ በሚዞር ሮተር ላይ፣ ክንፉ ትልቁን አንግል የሚይዘው በቀኝ በኩል ሲሆን ወደ ላይ የሚነሳው ግን ሩብ ዙር ያህል ዘግይቶ ጅራቱ አጠገብ ሲደርስ ነው። መመሪያው ይህን በአንድ መስመር እንኳ ስለማያብራራ፣ ጀማሪ ስዋሽፕሌቱን ከክንፎቹ ጋር የሚያያይዙትን ማገናኛ ዘንጎች ሲያይ የተሳሳተ ገጣጠማ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ሞተሩ ሮተሩን ወደ አንድ ወገን ሲያዞር አካሉ ወደ ተቃራኒው መዞር ይፈልጋል። ይህን የሚገታው የጅራቱ ሮተር ነው። በሞዴል ሄሊኮፕተር ላይ ጋይሮ የሚባለው መሣሪያ የአፍንጫውን መዞር እየለካ የጅራቱን ክንፎች አንግል በቅጽበት ያርማል፤ ጣጣዬም የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሄሊኮፕተሩ ተነሥቶ በአየር ላይ ቆመ፤ አፍንጫው ግን ሪሞቱን ሳልነካ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይዞር ጀመር። የጋይሮውን የእርማት መጠን ስጨምር ጅራቱ ግራና ቀኝ እየተወራጨ አስቸገረኝ፤ ስቀንሰው ደግሞ መንሸራተቱ ተመለሰ። የሸጠልኝ ቤት ባለሙያ ጋይሮው እንደተበላሸ በሙሉ ልብ ነገረኝና ሌላ ገዛሁ። አዲሱም እንደ አሮጌው ሆነ። የጅራቱ ክንፊት (ጅራቱ ላይ የቆመው ጠፍጣፋ ክፍል) ጠርዝ በበረራ ላይ ደብዝዞ ሁለት መስሎ እንደሚታይ ስነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ፤ «ሄሊኮፕተር መቼስ ይንዘፈዘፋል» ብሎ ሸኘኝ። ክንፎቹን ሚዛን ላይ አስቀምጦም ሁለቱም 130 ግራም መሆናቸውን አሳየኝ። መመሪያውም ቢሆን ክንፎቹ በፋብሪካ ተመጣጥነው ስለሚመጡ ምንም እንዳይነካባቸው ያዛል።

የሚዛኑ ቁጥር ትክክል ነበር፤ መልስ ግን አልነበረም። እያንዳንዱን ክንፍ በቀጭን ዘንግ ላይ አጋድሜ ሳይወድቅ የሚቆምበትን ነጥብ በእርሳስ ምልክት ሳደርግ፣ የአንዱ የስበት ማዕከል ከሌላው በ4 ሚሊ ሜትር ወደ ጫፉ ሸሽቶ ተገኘ። ይህ ልዩነት ጠረጴዛ ላይ ከቁም ነገር አይቆጠርም። በ1,800 ዙር ላይ ግን 130 ግራም ክንፍ የታሰረበትን የሮተሩን መሃል ወደ ውጭ የሚጎትተው ከ170 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር በሚተካከል ኃይል ነው፤ የ4 ሚሊ ሜትሩ ልዩነትም ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ትርፍ ጉተታ ሆኖ ሮተሩን የሚያዞረውን ዋና ሻፍት (ዘንግ) በሰከንድ 30 ጊዜ ያወዛውዘዋል። ጋይሮው መዞርን የሚለካ እንጂ ንዝረትን ከመዞር የሚለይ ዳኛ አይደለም፤ በበዛ ንዝረት ውስጥ ልኬቱ ይዛባና ያልተፈጠረ መዞር ሊያርም ሲሞክር እውነተኛ መዞር ይፈጥራል።

መመሪያውን ወደ ጎን ትቼ፣ የስበት ማዕከሉ ወደ ሥሩ የቀረበው ክንፍ ጫፍ ላይ ነጥቦቹ እስኪገጥሙ ድረስ ቀጭን ፕላስተር ጠመጠምኩ። ያ ክንፍ በዚህ ምክንያት ስለከበደ፣ በሌላው ክንፍ የስበት ማዕከል ላይ ተመጣጣኝ ፕላስተር ጨመርኩና ክብደታቸውን አስተካከልኩ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፤ ክብደቱን አስቀድሞ ያስተካከለ ሰው የስበት ማዕከሉን ሲያዛውር መልሶ ያበላሸዋል። ከዚያ በኋላ የጅራቱ ክንፊት ጠርዝ ጥርት ብሎ ታየ፣ አፍንጫውም ባለበት ረጋ። አሮጌውን ጋይሮ መልሼ ገጥሜ ሞከርኩት፤ እሱም ያለ እንከን ሠራ።

ስለዚህ ጅራቱ የሚንሸራተትበት ሰው ክንፎቹን፣ ከዚያም የክንፍ መያዣው ውስጥ ያለው ሻፍት አለመጣመሙን ሳያይ የጋይሮውን ቁጥሮች ባይነካ ይሻላል። የክንፎቹን ብሎን ጠበቅ አድርጉ የሚለውን ምክርም አልቀበልም፤ ክንፉ በመያዣው ውስጥ ትንሽ ተንቀሳቅሶ በራሱ ጉተታ ቀጥ ማለት መቻል አለበት። ሁለቱ ክንፎች በአንድ መስመር መዞራቸው የሚታየው ጫፎቻቸው ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ፕላስተር ተለጥፎ ነው፤ ከፍ ብሎ የሚዞረውን ክንፍ ማገናኛ ዘንግ በግማሽ ዙር እያስተካከሉ መሞከር ይበቃል። ይህን የሚመለከት ሰው ግን ከሮተሩ በብዙ ሜትር ይራቅ፤ ዓይኑን ከክንፎቹ ጋር ትክክል አድርጎ በቅርብ የሚቆም ሰው፣ አንድ ብሎን ቢለቅ ክንፉ የሚወረወርበት መስመር ላይ ነው ያለው።