ሁለት እናት ያለው ልጅ

ዛሬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምሠራበት ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) አንድ የ4 ዓመት ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። አጥቤ ፕላስተር ለጠፍኩለት፤ ለቅሶው ግን አላቆመም። እናቱ ስትመጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመና «ማሚስ?» አላት። «ቤት ናት፤ እሷም ቁስልህን ትስምልሃለች» አለችው። እኛ እፍ እንደምንለው ማለት ነው። ወዲያው ዝም አለ።

ማሚ ሌላዋ እናቱ ናት። መጀመሪያ የመጣ ሰሞን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሆዴ ባብቶ ነበር። ያለ አባት እንዴት ያድጋል ብዬ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር እንዲህ ያለ ቤት አይታወቅም።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካ ውስጥ በ1986 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ጥናት አለ። የሌዝቢያን እናቶችን ልጆች ገና ሳይወለዱ ጀምሮ ይከታተላል። ልጆቹ 25 ዓመት ሲሆናቸው፣ በ2018 ውጤቱ ወጣ፤ በአእምሮ ጤና ከእኩዮቻቸው የጎላ ልዩነት አልታየባቸውም። የታዩት 77 ብቻ ናቸው፣ ትንሽ ነው። ግን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ብዙ ጥናቶችን አይቶ በ2013 እነዚህ ልጆች እንደማንኛውም ልጅ ደህና ያድጋሉ ብሏል።

አንጀቴን የበላው ሌላው ነው። በዚያው ጥናት በእናቶቻቸው ምክንያት የተሾፈባቸው ልጆች የበለጠ ተጎድተው ተገኝተዋል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ይሄንኑ ልጅ «አባትህ የታለ?» ብሎ ሲጠይቀው ሰምቼ ዝም ብዬ አልፌ ነበር። ማለፍ አልነበረብኝም።

ነገ ፕላስተሩን እቀይርለታለሁ። ቀለሙን ራሱ እንዲመርጥ ቃል ገብቼለታለሁ።